ባለራጁ ሚስቱን ፎቶ ሲያነሳ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ባለራጁ ግን አፋፍ ላይ መኖር የለመደ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት ባለች አንዲት ጨለም ያለች ክፍል ውስጥ የሰው ደረት፣ የሰው ጉልበት፣ የሰው መንጋጋ በራጅ ሲያነሳ ኖሯል፤ ጉራውም የዚያኑ ያህል ዕድሜ አለው። እሱ ባነሳው ፊልም ላይ ስብራት ካልታየ ስብራት የለም ማለት ነው። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ "የባለራጁ ፊልም አይዋሽም" ይላሉ። ይህን የሚያወራው እሱ ራሱ ነው፤ ቢሆንም እውነት ነው።

ጉራው ያመጣበትን ጣጣ ልንገራችሁ። አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ወደ ሠራተኞች ሻይ ክፍል ገባና ለባለራጁ ሚስት የምሥራች ነገራት። ሚስቱ አዋላጅ ናት። እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ስንትና ስንት ሲስተር እያለ፣ ዝም ብሎ "ሲስተር" ከተባለ እሷ ናት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጡረታ ትወጣለች። ዋናው ኮሪደር ግድግዳ ላይ ደግሞ በመስታወት የተለበጡ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ዳይሬክተሮችና ስመ ጥር ሐኪሞች ናቸው፣ ሁሉም በከረባት። አዋላጅ ከነሱ ጎን ወጥታ አታውቅም። አስተዳዳሪው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቦርዱ የሲስተር ፎቶ ከእነዚያ ጎን እንዲወጣ መወሰኑን ተናገረ።

"ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ በመጨረሻ ልትሰቅሉኝ ነው?" አለች ሲስተር፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷም ሳቀች፤ ጆሮዋ ድረስ ግን ቀልታ ነበር። ደስ ሲላት ጆሮዋ እንደሚቀላ የሚያውቅ ባለራጁ ብቻ ነው።

"ፎቶው አያስቸግርም" አለ አስተዳዳሪው። "ከመታወቂያ ባጅዎ ላይ አስፍተን እናወጣዋለን።"

የሲስተር ጆሮ ወዲያው ወደ ቀለሙ ተመለሰ። የዚያ ባጅ ነገር እንዲህ ነው፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሁለት አዳር ተከታትላ ሠርታ ስትወጣ በር ላይ አስቁመው ያነሷት ነው። አንድ ዓይኗ ተከድኗል፣ ሌላው ሊከደን ነው፣ አፏ ደግሞ የሆነ ነገር ሊናገር ተከፍቶ ቀርቷል። የሥራ ባልደረቦቿ "ይቺን ሴትዮ ያየ ለፖሊስ ይጠቁም" እያሉ ቀልደውባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባጁን ገልብጣ ነው የምታንጠለጥለው። ፊቱ ወደ ደረቷ፣ ጀርባው ወደ ሰው።

"ያ ፎቶ ከሚወጣ ቦታው ባዶ ቢቀር እመርጣለሁ" አለች፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይል ነበር። ባለራጁ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ደረቱን ነፋ፣ ተነሳ። "ባጅ ምን ያደርጋል? እኔ ነኝ የማነሳት" አለ። "ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ውስጡን ያነሳሁ ሰው፣ ውጪው ያቅተኛል?"

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። አስተዳዳሪው ግን ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየውና "ከሽኝቱ በፊት በሚውለው ሐሙስ ከሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ከደረሰ ደስ ይለኛል" አለ። "ካልደረሰ ባጁን እናሰፋዋለን፤ ባዶ ቦታ አንተውም።" ባለራጁ እስከዚያች ቀን ድረስ ካሜራ በእጁ ነክቶ አያውቅም። የስልኩን ካሜራ እንኳ የከፈተው አንዴ ነው፤ እሱንም በስህተት።

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን እንደተሻገሩ፣ አንዲት ፎቶ ቤት አለች። ባለቤቷ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት። ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ ሁሉንም ትሠራለች። ባለራጁ ሲነግራት ዓይኗ በራ። ሁለት ልጆቿን ያዋለደቻት ሲስተር ናት። መደርደሪያዋ ላይ የነበረ አንድ ያገለገለ ካሜራ አወረደችና አዋሰችው።

"ጋሼ፣ ትንሽ ላሳይዎት" አለች።

"ፎቶ ነው አይደል? ለፎቶ እኔ እንግዳ አይደለሁም" አላትና ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። በልቡ 'ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች' እያለ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱን ሳሎን ውስጥ ከግድግዳው ጋር አቆማት። ግድግዳው ላይ የልብስ መስቀያ አለ፤ እሱ አላየውም። "አገጭ ቀና" አላት። "ትከሻ ወደፊት። አየር ሳቢ። ያዢ።" ሲስተር ሳቋን እየታገለች ያላትን ሁሉ አደረገች። ጠቅ አደረገ። "ተንፍሺ። ቀጥይ፣ አየር ሳቢ። ያዢ።" እንዲህ እያለ ሃያ ሦስት ጊዜ አነሳት። ጎንበስ ቀና ከማለቱ የተነሳ ወገቡን ያዘው።

ከዚያ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት ማየት ጀመሩ። ወይ ጉድ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሲስተር ጉንጯን ነፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ውሃ ውስጥ ልትጠልቅ የተዘጋጀች ትመስላለች። በሁለተኛውም እንዲሁ። ከራስ ቅሏ ላይ የልብስ መስቀያው ቅርንጫፍ እንደ ቀንድ በቅሏል። በሁሉም ላይ መሃል ለመሃል እንደ ሚስማር ተመትታለች፣ ከግራም ከቀኝም የሚጠቅም ነገር የለም። ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘመሙ ናቸው። ግድግዳው አዘምሟል፣ ወለሉ አዘምሟል፣ በአንዱ ላይማ ግማሽ ጭንቅላቷ ከፎቶው ወጥቶ ሄዷል።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሳዋልድ ኖሬ፣ ምጥ የያዘኝ ዛሬ ነው" አለች ሲስተር፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀ። እሷ ዓይኗን ጠርጋ ካሜራውን መለሰችለት።

"ተወው በቃ" አለች። "ባጁ ይውጣ። ሰው በኮሪደሩ ሲያልፍ እግሩን ነው የሚያየው፤ ማን ቀና ብሎ ያየዋል?"

ይህን ስትል እጇ ሳታስበው ወደ ደረቷ ሄደ፤ ቅዳሜ ስለሆነ ባጁ አልነበረም፤ ጣቶቿ ግን የሌለውን ባጅ ገለበጡት። ባለራጁ ያን አየ። ሰው ፊት አፉን ሞልቶ የተናገረው ሳያንሰው፣ ሚስቱን ገና ሳትሰቀል ከግድግዳው አወረዳት። አፈረ፤ ማፈር ደግሞ አይወድም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ወደ ፎቶ ቤቷ ገባ። ሴትየዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አግኝታ አወረደችና ሃያ ሦስቱንም አንድ በአንድ አየች። ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም።

"ለመሆኑ ሲያነሷቸው ምን ይሏቸዋል?"

"ትንፋሽ ያዢ ነዋ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ያነሱት ሳንባቸውን ነው" አለች። ከዚያ ወንበር ሳበችለት። "ይቀመጡ። ባለሙያ ስለሆኑ በሙያዎ ነው የማስረዳዎት። የእርስዎ ብርሃን ሰውን በስቶ ያልፋል፤ አይደል? የኔ ብርሃን ደግሞ ሰውን ነክቶ ይመለሳል። እርስዎ ከኋላ ነው የሚቀበሉት፣ እኔ ከፊት። ስለዚህ የኔ ሥራ ከየት መጣ፣ ምኑን ነካ የሚለውን ማየት ነው።"

የሻይ ስኒዋን አንስታ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠች። መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ እንዲያይ አቆመችው፤ ስኒው ጠፍጣፋ ነጭ ነገር ሆነ። እሱን ወደ ጎን አዞረችው፤ ብርሃኑ ከአንድ በኩል ሲመጣ የስኒው ሆድ ክብ ሆነ፣ ጆሮው ጥላ ጣለ፣ ከንፈሩ ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር ታየች። ባለራጁ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ስንጥቅ ሲያይ ልቡ ይሞቃል፤ የሙያ ነገር ነው።

"መሃል ለመሃል የሚያደርጓቸውስ ለምንድነው?"

ይሄንንም አስረዳት። የራጁ መሣሪያ የመብራት መስቀል አለው፤ መስቀሉ የታመመው ቦታ መሃል ላይ ካላረፈ ፊልሙ ተበላሸ ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መሃል ሲፈልግ ኖሯል።

"እዚህ የታመመ የለም" አለች። ካሜራው ላይ አንድ ቁልፍ ነካችና መስታወቱን በቁም ሁለት፣ በአግድም ሁለት መስመር ዘጠኝ ቦታ ከፋፈለው። "ሰውየውን መሃሉ ላይ ሳይሆን ከነዚህ መስመሮች አንዱ ላይ ያድርጉት። ደግሞ ወደየት እንደሚያይ ልብ ይበሉ። ወደ ግራ የሚያይ ከሆነ ግራው ይከፈትለት። አፍንጫው ግድግዳ የገጨ ሰው አያስመስሉት። ሊጫኑ ሲሉ ደግሞ አራቱን ማዕዘን አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብለው ይዩ፤ መስቀያ እንዳይበቅልባቸው። እስቲ አሁን እኔን ያንሱኝ።"

ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣበቀ፣ እሷን ወደ ቀኝ መስመር ወሰዳት፣ ማዕዘኖቹን አየ፣ ተጫነ።

"ጋሼ" አለች ሴትየዋ፣ "ከማን ነው የሚሸሹት?"

"እኔ? እኔ ከማንም አልሸሽም።"

ከጀርባዋ ደንበኞች ፀጉራቸውን የሚያበጥሩበት ትልቅ መስታወት ነበር። ፈቀቅ አለችና መስታወቱን እያየ እንዲጫን ነገረችው። ተጫነ። ያኔ ነው ራሱን ያየው። ጣቱ ቁልፉን ሲነካ ፊቱ በጥፊ ሊመታ እንደሆነ ሰው ወደ ግራ ዞረ፤ ቀኝ ትከሻው ወረደ፤ ግራ እግሩ ግማሽ እርምጃ ወደ መጋረጃው ሄደ። እንደገና ሞከረ። እንደገና ዞረ። ፎቶዎቹ ሁሉ ያዘመሙት ለዚህ ነው።

ነገሩ ግልጽ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፉን የሚጫነው ጨረር ከሚከለክለው የእርሳስ ግድግዳ ጀርባ ሆኖ፣ ዓይኑ መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ነበር። "ያዝ" ይላል፣ ይዞራል፣ ይጫናል፣ "ተንፍስ" ይላል። ግድግዳው ላይ በሽተኛውን የምታሳይ አንዲት ትንሽ መስታወት አለች፤ ድንገት ሰው ቢወድቅ ካልሆነ በቀር ተመልክቶባት አያውቅም። ይህን ያህል ሰው አንስቶ፣ ባነሳበት ቅጽበት የአንዱንም ፊት አላየም። ይህንንም ለሴትየዋ ሳይደብቅ ነገራት።

"ታዲያ ምን ችግር አለው" አለች። "የተማረ አንገት ነው፤ ሌላ እናስተምረዋለን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቱን ማስተማር ያዘ። በምሳ ሰዓት ወንበር አነሳ፣ የውሃ ማሰሮ አነሳ፣ አጥር አነሳ። የሆስፒታሉን በር ጠባቂ በመቶ ዓይነት መንገድ አነሳው፤ ሰውየው በመጨረሻ "ጋሼ፣ እባክዎ ፊቴን አይጨርሱብኝ" አለው። አንገቱ ቀስ በቀስ መዞር ተወ። ምድር ቤት ባለው ሥራውም አንድ ነገር ተለወጠ፤ በእርሳሱ ግድግዳ ላይ ባለችው መስታወት ማየት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ትንፋሽ ያዙ ሲባሉ ዓይናቸውን እንደ ሕፃን ጨፍነው ጡጫቸውን ሲጨብጡ አየ። ዛሬ ነው እንዴ ሰው የሚፈራው፣ ወይስ ድሮም ይፈራ ነበር? "ተንፍሱ አባቴ፣ አለቀ" አላቸው፤ "አባቴ" የምትለዋ ድሮ አልነበረችም።

ሽኝቱ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ፣ ሚስቱን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ እንደገና አነሳት። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች። ብርሃኑ ከጎን ነው። ወለሉ ቀጥ ብሏል። መስቀያውን ሳይቀር ነቅሎታል። ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን አየችና "ይቺ ደህና ናት። ትውጣ፤ ይበቃል" አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚች ቃል ሳምንት ይጎርርባት ነበር። አሁን ግን "ደህና" የምትለው ቃል ጥርሱ ውስጥ እንደገባ አሸዋ ሆነችበት። ፎቶውን ለባለ ፎቶ ቤቷ ወስዶ አሳያት። ሴትየዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየችው።

"ንጹሕ ሥራ ነው" አለች። "እንከን አላወጣለትም። ግን ሲስተር አይደሉም። ፎቶ ቤት የመጡ አንዲት ጨዋ ሴትዮ ናቸው። እኔ የማውቃቸው ሲስተር ሌላ ናቸው።"

"ሌላ እንዴት?"

"እንጃ ጋሼ። ባየኋቸው ሰዓት ካሜራ አልያዝኩም፤ እጄ ሥራ ላይ ነበር" አለችና ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ነገሩ ገባው። የእሱ ክፍል ምድር ቤት ነው፣ የእሷ ሁለተኛ ፎቅ። ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ ስለ ሥራቸው ማታ ማታ ያወራሉ። ሥራዋ ላይ እያለች ግን አንድም ቀን አይቷት አያውቅም። በዚያ ከተማ ያለው ግማሹ ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ ያገኘውን ፊት፣ ባሏ አላየውም። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እስከዛሬ አልቆጨኝም ብሎ ተቆጨ።

ማዋለጃ ክፍል ዝም ተብሎ አይገባም፤ መግባትም አልፈለገም። ከክፍሉ ጎን ግን አዋላጆቹ የሚታጠቡበት አንድ ጠባብ ክፍል አለ፤ ትልቅ መስኮት፣ ረጅም የእጅ መታጠቢያ፣ የፎጣ ቁም ሣጥን። የክፍሉ ኃላፊ፣ በመካከል ያለው በር ተዘግቶ እስከቆየ ድረስ እንዲገባ ፈቀደችለት። ሐሙስ ጠዋት፣ ያችው የቀጠሮዋ ሐሙስ፣ ጋውን ለብሶ፣ ጫማው ላይ ሽፋን አድርጎ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተጣብቆ ቆመ። የሲስተር የመጨረሻ ፈረቃ ነው። ከበሩ ማዶ አንዲት ሴት አምጣ አምጣ ልትገላገል ተቃርባለች፤ ሲስተር ሌሊቱን አብራት ስትታገል አድራ፣ የመጨረሻውን ለተተኪዋ ለማስረከብ ወስና ወጣች። ተተኪዋ የራሷ ተማሪ ናት። ነገ እኔ የለሁም፣ ዛሬ እኔ ሳለሁ ብቻዋን ትሥራ ብላ ነው።

ባሏን ስታየው ቆም አለች። "ምን ልትሠራ መጣህ?"

"ሥራዬን።"

"ፀጉሬን እየው እስቲ።"

"አየሁት።"

ራሷን ነቀነቀችና መታጠብ ጀመረች። እስከ ክርኗ፣ ጣት በጣት። መስኮቱ ከፊት ለፊቷ ነው፤ የጠዋት ብርሃን እርጥቡን ክንዷን፣ የፊቷን አንድ ጎን፣ ከቆቧ ያመለጠውን ሽበት ነክቶ ይመለሳል። ባለራጁ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። እሷን በቀኝ መስመር ላይ አደረጋት። በግራ በኩል፣ እስከ በሩ ድረስ፣ ባዶ ግድግዳ ብቻ ቀረ። ማዕዘኖቹን አየ።

ፎጣ አንስታ ወደ እሱ ዞረች። ደክሟታል፤ ደክሟትም ታላግጣለች። "እስቲ ያችን ነገርህን በላት" አለች።

"ምኗን?"

"ትንፋሽ ያዢን። ናፈቀችኝ።"

"ያዢ" አላት።

ጉንጯን እንደዚያን ቀን ነፋችለት። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር፤ አልተጫነም። ጠበቀ። የራሱንም ትንፋሽ ይዟል።

"ተንፍሺ" አላት።

ተነፈሰች። ሳቋ አብሮ ወጣ። ሳቋ ሳያልቅ ከበሩ ማዶ የነበረው ጫጫታ ዝም አለ። ሲስተርም ዝም አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ሕፃኑ አለቀሰ።

ባለራጁ ሠላሳ ዓመት ያላየውን ፊት አየ። ጭንቅላቷ ወደ በሩ ዞረ። ፎጣው በሁለት እጇ መሃል እንደተያዘ ቀረ። ዓይኗ በሩን አልፎ ልጁ ጋ ደርሷል፤ ከንፈሯ ትንሽ ተከፍቷል፤ ድካም አለበት፣ ደስታ አለበት፣ ደግሞ መስማት አለበት፤ ተማሪው የሚያነበው ቃል ትክክል መሆኑን እንደሚከታተል አስተማሪ። ያ ሁሉ ፊቷ ላይ የቆየው ለአንድ ትንፋሽ ነው። ባለራጁ አንዴ ተጫነ። አንገቱ አልዞረም። ትከሻው አልወረደም። ዓይኑ እሷ ላይ ነበር።

"ሳንባው ደህና ነው" አለች ሲስተር፣ ልቅሶውን እያዳመጠች።

"ፊልም አያስፈልገውም" አላት።

ያኔ ካሜራውን አውርዶ ፎቶውን አየ። እሷ ልታይ እጇን ዘረጋች፤ ከለከላት። "ግድግዳው ላይ ታይዋለሽ" አለ። ጉራው ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ አሁን ግን ቦታው ላይ ነው የመጣው።

ከሰዓት በኋላ ባለ ፎቶ ቤቷ በትልቁ ያወጣችውን ፎቶ ይዞ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባ። አስተዳዳሪው መጥፎ ሰው አይደለም፤ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቅንድቡን ሰበሰበ።

"ፎቶው ያምራል" አለ። "ግን የግድግዳው ፎቶዎች ሁሉ ከትከሻ በላይ ናቸው፣ ፊት ለፊት፣ መሃል ላይ። እሳቸው እዚህ ወደ ጎን ነው የሚያዩት። ፎጣም ይዘዋል። ትንሽ እንቁረጠውና ፊታቸው ብቻ ይቅር።"

"አይቆረጥም።"

"ጋሼ፣ ደንብ አለን።"

"ደንቡን አውቃለሁ አለቃዬ፤ እኔም እስከ ባለፈው ወር በዚያው ደንብ ነበርኩ። መሃል፣ ቀጥ፣ ትንፋሽ ያዝ።" ሽንጡን ገትሮ ቆመ። "እነዚያ እጆች ከተቆረጡ የተሰቀለችው ሌላ ሴት ናት።"

አስተዳዳሪው እጆቹን እንደገና አየ። የውሃው ጠብታ ገና አልደረቀም። "እሺ እጆቹ ይሁኑ" አለ። ከዚያ ጣቱን በፎቶው ግራ በኩል፣ በባዶው ግድግዳ ላይ አሳረፈ። "ይሄስ? ግማሹ ፎቶ ባዶ ነው። እዚህ ምንም የለም። ይሄን እንኳ እንቁረጠው።"

"እዚያ ነው ልጁ ያለው" አለ ባለራጁ።

አስተዳዳሪው ቀና ብሎ አየው።

"ከበሩ ማዶ። በዚያች ደቂቃ ነው የተወለደው። እሱን ነው የምትሰማው።"

አስተዳዳሪው ጣቱን ቀስ ብሎ ከፎቶው ላይ አነሳ። ወደ ሲስተር ፊት ተመለሰ፣ ከዚያ ወደ ባዶው ግድግዳ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊቷ። በመጨረሻ መሳቢያውን ከፍቶ የባጁን ፎቶ አወጣና ለባለራጁ ሰጠው። "ይሄ አያስፈልገንም" አለ። "እንዳለ ይሰቀል። ፍሬሙን ሰፋ አድርገው እንዲሠሩት እነግራቸዋለሁ።"

ባለራጁ ከዚያ ቢሮ ሲወጣ አንጀቱ ቅቤ ጠጥቷል። ደረጃውን የወረደው እንደ ሃያ ዓመት ሰው ነው፤ በር ጠባቂው እንኳ "ጋሼ፣ ምን ተገኘ?" አለው። "ባንተ ፊት ላይ የተማርኩት ነገር ሠራ" አለውና አለፈ።

በሽኝቱ ቀን ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ አበባ ተሰጠ። ሲስተርም ሁሉንም አመሰገነች። ሰዉ ሲበተን ባልና ሚስት ብቻቸውን ወደ ዋናው ኮሪደር መጡ። ፎቶው ከከረባቶቹ ጎን፣ ከሁሉም ሰፋ ብሎ ተሰቅሏል። ሲስተር ከፊቱ ቆመች። ባለራጁ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረ። ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሳቀችም። ጆሮዋ ቀላ።

"ይሄን ፊት አላውቀውም ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ለካ እንዲህ ነው የሚሆነው።"

በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ከክትባት ክፍል ወጣች። ልታልፍ ስትል ዓይኗ ፎቶው ላይ አረፈ፤ ቆመች። ፊት ለፊቷ የቆመችውን ሲስተርን ልብ አላለቻትም፤ ፎቶውን ነው የምታየው።

"እኔም ጋ እንዲህ ነበሩ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። "ልጄ ሲያለቅስ ልክ እንዲህ ነበር ፊታቸው። ይሄን ፊት ሳይ ነው ልጄ ደህና እንደሆነ ያወቅሁት።" ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረች፤ ደነገጠች፤ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ በአክብሮት ዝቅ አለች። ሲስተር ሕፃኑን ጉንጩን ነካችው።

"ማን ነው ያነሳዎት?" አለች ሴትየዋ።

ባለራጁ አፉን ከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ሳያጣ የኖረ ሰው ነው። ፊልሞቹ ላይ ስሙ ተጽፎ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ራሱ ነበር የሚናገረው። ሚስቱ ግን ቀደመችው። ክንዱን ይዛ ወደ ፊት ሳበችው።

"ባሌ ነው" አለች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እሱ ራሱ በሚጎርርበት ድምፅ። "ይሄን ያነሳው የኔ ባል ነው። በሦስት ሳምንት ነው የተማረው።"

ሴትየዋ እያመሰገነች፣ ወደ ኋላ እየዞረች እያየች ሄደች። ያ አፈኛ ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ከፎቶው ፊት ድርቅ ብሎ ቆመ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ጉንጩም እንደዚያች ቅዳሜው የሚስቱ ጉንጭ ተነፍቷል።

ሲስተር ቀና ብላ አየችው፤ ምን እንደሆነ ገባት።

"ተንፍስ" አለችው።